የአባት ስም የሌላቸው ጓደኛሞች

የዶሊን ወሬ ያልሰማ የለም መቼም። ያቺን በግ ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ስኮትላንድ ውስጥ ያለ አባት፣ ከአንዲት በግ ሴል ተባዝታ ተወለደችና በዓመቱ ወሬዋ ሲወጣ ዓለም ጉድ አለ። ያኔ ሁሉም የጠየቀው ጥያቄ አንድ ነበር። በግ እንደ ወረቀት ፎቶ ኮፒ ከተነሳች ሰውስ ምን ይቀረዋል? እንዲያ ከሆነ ደግሞ ያ የተባዛው ሰው ማንን እናቴ ሊል ነው? ሲከፋው ለማን ሊያወራ ነው? ምሳውን ከማን ጋር ሊበላ ነው?

ዛሬ የማወራችሁ መጽሐፍ ከዚሁ ጥያቄ ይነሳል። ግን ላብራቶሪ የለበትም። ነጭ ጋውን የለበሰ ክፉ ሳይንቲስት፣ ሮቦት፣ ሚሳይል፣ ምንም የለበትም። ያሉት ሦስት ጓደኛሞች ናቸው። ሁለት ሴትና አንድ ወንድ። (ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ጣጣ ገና ሳልነግራችሁ ገምታችሁታል።)

«ኔቨር ሌት ሚ ጎ» ይባላል። ደራሲው ካዙኦ ኢሺጉሮ እ.ኤ.አ. በ1954 ጃፓን፣ ናጋሳኪ ተወልዶ በአምስት ዓመቱ ቤተሰቦቹ ወደ እንግሊዝ ይዘውት የሄዱ፣ እዚያው አድጎ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ነው። በ2017 የሥነ ጽሑፍ ኖቤል ሽልማት ተሸልሟል። ይሄን መጽሐፍ በ1990ዎቹ ሁለት ጊዜ ጀምሮ ሁለት ጊዜ ትቶት ነበር። በስተመጨረሻ በ2005 አወጣው። እንግሊዝኛው እንዳያስፈራችሁ። ከአስራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛ በላይ አይጠይቅም፤ እኔው ምስክር ነኝ። ባለታሪኳ ቁጭ ብላ እንደምታጫውታችሁ ነው የተጻፈው።

ርዕሱን ግን ወደ አማርኛ ልመልሰው ብዬ ተቸገርኩ። የእንግሊዝኛው ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። የኛ ቋንቋ እንዲህ በዋዛ አያልፍም፤ ወይ «አትልቀቀኝ» ወይ «አትልቀቂኝ» በል ብሎ ያፋጥጣል። ቶሚ ለካቲ ከሆነ የሚለው «አትልቀቂኝ» ነው። ካቲ ለቶሚ ከሆነ «አትልቀቀኝ»። ካቲ ለሩት ከሆነ ደግሞ ተመልሶ «አትልቀቂኝ»። መጽሐፉን ስጨርሰው ሦስቱም እርስ በርስ እየተባባሉት መሰለኝና እንዳለ ተውኩት።

እንግዲህ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ልዘረግፈው ነው። ራሴ አንብቤ እደርስበታለሁ የሚል ገጹን ይግለጥ።

አገሩ እንግሊዝ፣ ዘመኑ የ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ግን የምናውቃት እንግሊዝ አይደለችም። በዚህችኛዋ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሳይንሱ ቶሎ ገስግሶ ሰውን ማባዛት ተችሏል። የሚባዙት ለምን መሰላችሁ? ለመለዋወጫ! የታመመ ሰው የውስጥ አካል ሲያስፈልገው ከነዚህ ልጆች ይወሰድለታል። ልጆቹ አድገው ሙሉ ሰው ሲሆኑ «ልገሳ» ይጀምራሉ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ ጠንካራ ከሆኑ አራቴ። ከዚያ በኋላ ያበቃል። ሲያበቃም «ሞተ» ከማለት «ጨረሰ» ይሏቸዋል፤ የተሰጠውን የቤት ሥራ እንደጨረሰ ተማሪ።

ልገሳቸው ከመጀመሩ በፊት ደግሞ የቀደሟቸውን ያስታምማሉ። አስታማሚነት ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሆስፒታል አልጋ ስር ጋቢ አንጥፎ የሚያድር፣ ሳህንና ፔርሙስ ይዞ የሚመላለስ ሰው ነው። ልዩነቱ እዚያ አስታማሚዋም ተራዋን እየጠበቀች መሆኗ ነው። ታሪኩን የምትነግረን ካቲ የ31 ዓመት ሴት ናት። አስራ አንድ ዓመት አልፏታል ስታስታምም። ከአንዱ ማገገሚያ ወደ ሌላው ብቻዋን መኪና እየነዳች ትውላለች፤ እየነዳችም የልጅነቷን ታስባለች።

ልጅነቷ ሄይልሻም የሚባል አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ኩሬ አለው፣ ሰፊ ሜዳ አለው፣ ደግ አስተማሪዎች አሉት። ሥዕል ሳሉ፣ ግጥም ጻፉ፣ ስፖርት ሥሩ ይባላሉ። ሲጋራ የሚባል ነገር በጭራሽ እንዳይነኩ ነው የሚነገራቸው። ስታነቡ «ምነው እንዲህ ጤንነታቸው ታሰበላቸው» ትላላችሁ። በኋላ ሲገባችሁ ነው የሚቀፋችሁ። ለካ የሚጠበቀው ልጁ ሳይሆን ሳንባው ነው!

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እነዚህ ልጆች የአባት ስም የላቸውም። ካቲ ኤች፣ ቶሚ ዲ፤ በቃ፣ አንድ ፊደል። እኛ ዘንድ «የማን ልጅ ነህ?» ሲባል ስም ከነአያት ይደረደራል። እነሱ የሚደረድሩት የላቸውም። እናት የለ፣ ወንድም የለ፣ ለቅሶ የሚደርስ ዘመድ የለ። አንድ ሰው ከጓደኛ ሌላ ምንም ባይኖረው ጓደኝነት ምን ይመስል ነበር? ደራሲው ይሄን ለማየት ሲል ነው ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ጠራርጎ ያወጣው ብዬ አስባለሁ። ብዙ ሰው መጽሐፉን የሳይንስ ማስጠንቀቂያ አድርጎ ያነበዋል፤ እኔ ግን ሩትን ነው ያነበብኩት።

ሩትን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ከእያንዳንዱ ክፍል አንድ ሩት አትጠፋም። የቡድን አለቃ፣ ትንሽ ዋሾ፣ ትንሽ ጉረኛ፣ ግን አጠገቧ ስትቀመጥ ደስ የምትል። በልጅነታቸው አንድ ቀን ካቲ ጋ መጥታ ፈረሶቼን መጋለብ ትፈልጊያለሽ ወይ ብላ ትጠይቃታለች። ፈረስ የለም። የምታቀብላት አየር ላይ ያለ ልጓም ነው። ግን ያኛው ላይ እንዳትጨክኚ፣ ይሄኛውን ቀስ ብለሽ ያዢው እያለች እውነተኛ ባለፈረስ ትሆናለች። ካቲም ትጋልባለች። ጓደኝነታቸው የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ ሩት የሌለ ነገር ትሰጣለች፣ ካቲ እንዳለ አድርጋ ትቀበላለች።

ከዚያ ሩት ሚስ ጀራልዲን የምትባል ተወዳጅ አስተማሪያቸውን ከጠላፊ የሚጠብቅ ምስጢራዊ ቡድን አለን ትላለች። ጠላፊ ግን የለም። በሆነ ነገር ትጋጫለችና ካቲን ከቡድኑ ታባርራታለች። የተባረረች ሌላ ልጅ ደግሞ አለች፤ እሷ ወደ ካቲ ጠጋ ብላ ያ ቡድን እኮ የሞኝ ጨዋታ ነው ትላታለች። ካቲ ምን ታድርግ? የተባረረችበትን ቡድን ደግፋ ልጅቷን ትቆጣታለች! ይሄን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ደግሞ አሳዘነችኝ። ያባረረችህን ጓደኛ ሌላ ሰው ሲያማት አለመቻል፣ ይሄንን ያላየ ሰው አለ?

የእርሳስ መያዣው ነገር ደግሞ አለ። ሩት ቆንጆ እርሳስ መያዣ ይዛ ትመጣለች። ከየት አመጣሽው ሲሏት ሚስ ጀራልዲን እንደሰጠቻት አስመስላ በዝምታ ታልፋለች። አስተማሪ ለአንድ ልጅ ለይቶ ስጦታ መስጠት ደግሞ ፈጽሞ የማይታሰብ ነገር ነው። ካቲ ይበግናታል። እቃው የተገዛው ግቢው ውስጥ ከሚደረገው ሽያጭ እንደሆነ ጠርጥራለች፤ ስለዚህ የሽያጩን መዝገብ ያየች አስመስላ በነገር ወጋ ታደርጋታለች። የሩት ፊት ይለዋወጣል። ካቲ ያሸነፈች ሲመስላት በአንዴ ጸጸት ይወርዳታል። ሌላ ቀን አንዲት ልጅ እዚያው ሰው ፊት ሩትን ስለ እርሳስ መያዣው ስታፋጥጣት ካቲ ናት ጣልቃ ገብታ የምታድናት። ሩት አመሰግናለሁ አትልም። ብቻ ጥቂት ቆይቶ የካቲ ካሴት ሲጠፋ ግቢውን ስታስስ ትሰነብታለች።

ካሴቱ የአንዲት ዘፋኝ ነው፤ የመጽሐፉ ርዕስ የተወሰደውም እሱ ላይ ካለው ዘፈን ነው። ሩት ስታጣው ሌላ ካሴት አምጥታ ትሰጣታለች፤ የዳንስ ሙዚቃ። ከጠፋው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ሩት ስለ ሙዚቃ አታውቅም። ካቲ ግን ያንን የማይረባ ካሴት እስከ 31 ዓመቷ ድረስ አልጣለችውም።

አሁን ወደ ክፋቱ ልምጣ። ቶሚ የሚባለው ልጅ ግልፍተኛ ነው። ኳስ ሜዳ ላይ ሆን ብለው ሳይመርጡት ሲቀሩ ጭቃ ውስጥ እየተንከባለለ የሚጮህ፣ ሁሉም የሚስቅበት። ያኔ ልብሱ ቆሸሸ ብላ የተጨነቀችለት ካቲ ብቻ ናት። እነዚህ ሁለቱ አንድ ላይ መሆን እንደነበረባቸው አንባቢ ያውቃል፣ ደራሲው ያውቃል፣ ሩትም ታውቃለች። ቶሚን የያዘችው ግን ሩት ናት፤ ለዓመታት።

ትምህርት ቤቱን ለቀው እርሻ ቤት ውስጥ ሲኖሩ ካቲ የልቧን ምስጢር ለሩት ታወራለች። ሩት ቆይታ ያንኑ ምስጢር ጩቤ አድርጋ ታወጣዋለች፤ ቶሚ እንዳንቺ ያለች ሴት መቼም አይፈልግም በሚል ስሜት። ቶሚ ደግሞ በድብቅ እንስሳት ይስላል፤ ጥቃቅን፣ እንደ ማሽን ብሎን የሞላቸው። ሩት ካቲ ባለችበት ካቲም በሥዕሎችህ ትስቃለች ትለዋለች። ውሸት ነው። ካቲ አፏን ከፍታ ውሸት ነው አላለችም። ዝም ብላ ሄደች። ብዙም ሳይቆይ አስታማሚነት ልጀምር ብላ አመለከተችና ከሁለቱም ተለየች።

እዚህ ላይ መጽሐፉን አስቀምጬ ግቢውን ዞር ዞር አልኩ። ሩት ላይ አልነበረም የተናደድኩት፤ ካቲ ላይ ነው።

ይሄን መጽሐፍ ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። በቅርቡ ከዚሁ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ የጻፈችልኝ አንዲት እህት አለች። ከአንዲት ልጅ ጋር አንድ ግቢ አድገው፣ ከአንደኛ እስከ አስራ ሁለተኛ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠዋል። ሥራ በያዘች በሁለተኛው ዓመት አንድ የሰፈር ልጅ ይጠይቃታል፤ እሷም ትወደዋለች፤ ሽማግሌ ሊልክ ሲያስብ በድንገት ቀዝቅዞ ቀረ። አልጠየቀችውም። ኩራት ያዛት። ስድስት ዓመት አለፈ። ልጁ ሌላ አግብቶ ሁለት ልጆች ወልዷል። ባለፈው ወር ጓደኛዋ ደውላ እያለቀሰች ነገረቻት፤ «ውጭ የሚወስዳት እጮኛ አላት፣ ፕሮሰሷ አልቋል፣ አንተን የያዘችህ ለጊዜ ማሳለፊያ ነው» ብላ የነገረችው እሷ ነበረች። አሁን ጓደኛየዋ ራሷ ከአገር ልትወጣ ነው፤ ከመሄዷ በፊት ተገናኝተን ይቅር በይኝ አለች። «ልሂድ ወይስ ልቅር? ይቅር ብላት ምን አገኛለሁ?» ትላለች ጸሐፊዋ። ደብዳቤው ጫፍ ላይ አንድ ነገር ጨምራለች። የልጁ እናት ቤተ ክርስቲያን ስታገኛት እስከ ዛሬ ፊቷን ታዞርባታለች።

እህቴ፣ መልሴን ከመስጠቴ በፊት ሩት ምን እንዳደረገች ልንገርሽ።

ዓመታት አልፈው ሩት የመጀመሪያ ልገሳዋን ታደርጋለች፤ ክፉኛ ያማታል። ካቲ ሰምታ አስታማሚዋ ትሆናለች። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ተጠራጥረው ነው የሚያወሩት። አንድ ቀን ቶሚን ካለበት ማገገሚያ አንስተው ረግረግ ላይ የቀረች አሮጌ ጀልባ ሊያዩ በመኪና ይሄዳሉ። ሲመለሱ ሩት መኪናው ውስጥ ትናገራለች። እናንተ ሁለታችሁ አንድ ላይ መሆን ነበረባችሁ፣ ያለያየኋችሁ እኔ ነኝ፣ ካደረግሁት ሁሉ የከፋው ይሄ ነው በሚል። ይቅር በሉኝ ብላ እንኳን አትጠይቅም። አስተካክሉት ነው የምትለው። ከዚያም ወረቀት ታወጣለች። በእውነት የሚዋደዱ ሁለት ሰዎች ልገሳው ሦስት ወይም አራት ዓመት ይዘገይላቸዋል የሚል ወሬ ከድሮም ነበር። ይሄን ትፈቅዳለች የምትባለውን ሴትዮ አድራሻ ሩት ስንት ተንገላታ አፈላልጋ ጽፋው ይዛ መጥታለች።

የኔን ዓይን የያዘው ያ ወረቀት ነው። እንባማ ርካሽ ነው፤ ማንም ያፈሰዋል። ሩት የመጣችው በእጇ ነገር ይዛ ነው። እኛም አገር ሽማግሌዎች እርቅ ሲቀመጡ «ይቅር ተባባሉ» ብለው አይበትኑም፤ ካሳው ስንት ነው ይላሉ።

ስለዚህ ሂጂና አግኚያት። ግን እንባዋን ለመጥረግ ብቻ አትሂጂ። ልጁ አግብቷል፤ እሱን የሚመልስልሽ የለም፤ ለሱ ትናገርልኝ ብለሽም የሰው ትዳር ውስጥ እንዳትገቢ። የልጁ እናት ግን አለች። እዚያ ቤት ያንቺ ስም ስድስት ዓመት ሙሉ ቆሽሿል፤ ያቆሸሸችው ሴት ደግሞ ገና አዲስ አበባ ናት። አውሮፕላን ከመሳፈሯ በፊት እዚያ ቤት ሄዳ እናትየውን ለብቻቸው «የተናገርኩት ውሸት ነው፣ ልጅቷ ንጹህ ናት» ትበል። አንቺ አብረሻት አትሂጂ። ይሄን እሺ ካለች ይቅርታዋ እውነተኛ ነው። «ኧረ አፍራለሁ» ካለች ግን ስልክ ላይ ያለቀሰችው ለራሷ ነው፤ መንገዷን ጨርቅ ያድርግላት፣ አንቺም ወደ ሥራሽ ተመለሺ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እንዳትቀየሚኝ። ልጁ ሲቀዘቅዝ «ምን ሆነህ ነው?» ብትዪው ኖሮ ውሸቱ በአንድ ቀን ይበን ነበር። ካቲም እንዳንቺ ነው ያደረገችው። ጓደኛ እንዲህ ስታሾር በአብዛኛው የምታምነው የኛን ዝምታ ነው።

የሩት አድራሻ የት አደረሳቸው ካላችሁኝ፣ የትም አላደረሳቸውም። ሩት በሁለተኛ ልገሳዋ «ጨረሰች»። ካቲ የቶሚ አስታማሚ ሆነች፤ በመጨረሻም ፍቅረኛሞች ሆኑ። ሴትዮዋን ሄደው አገኟት፤ የድሮ ዳይሬክተራቸውም እዚያው ቤት ናት። ማዘግየት የሚባል ነገር የለም፣ ኖሮም አያውቅም ተባሉ። ያ ሁሉ ሥዕልና ግጥም ልጅ ሆነው የተወሰደባቸው ለሌላ ነገር ነበር። እነዚህ ልጆች ነፍስ አላቸው ብለው ለዓለም ማሳየት ፈልገው ነው። ዓለም አይቶ ዝም አለ፤ ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። ሲመለሱ ቶሚ መኪናውን አስቁሞ ጨለማ ሜዳ ላይ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ይጮሃል፤ እንደ ልጅነቱ። ካቲ ሮጣ ሄዳ ትይዘዋለች።

አንባቢ ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ «ለምን አይጠፉም?» አጥር አያግዳቸውም፣ ዘብ የለባቸውም፣ ካቲ መኪና አላት። በ2010 የወጣው ፊልም ይሄ ጨንቆት መሰለኝ ልጆቹ እጅ ላይ መቆጣጠሪያ አምባር አስሮባቸዋል። (ፊልሙ ጥሩ ነው፣ ኬሪ ሙሊጋን ካቲን ሆና የምትሠራው ልብ ይነካል፤ አምባሩ ግን ነገሩን አቅልሎታል።) ደራሲው በቃለ ምልልስ እንዳለው ስለሚያመልጡ ሰዎች መጻፍ አልፈለገም፤ ሰዎች እጣቸውን እንዴት እንደሚቀበሉ ነው የሳበው። እኔ ደግሞ አንድ እጨምራለሁ። የት ይሂዱ? የሚያውቃቸው ሰው በሙሉ ያለው እዚያው ማገገሚያ ውስጥ ነው። ብቻህን ከመዳን ከጓደኞችህ ጋር ተራ መጠበቅ የሚቀልበት ሁኔታ አለ፤ ይሄ ነው ያስፈራኝ።

ከሁሉም እስካሁን ከራሴ ጋር የሚያሟግተኝ የቶሚ ነገር ነው። አራተኛው ልገሳ ሲቃረብ ካቲን ይጠራና ሌላ አስታማሚ ይመደብልኝ ይላታል። በዚያ ሁኔታ እንድታየው አልፈለገም። ሩት ብትኖር ትረዳኝ ነበር፣ አንቺ ግን ለጋሽ ስላልሆንሽ አይገባሽም በሚል ስሜት። ካቲ ይከፋታል፤ ይነጋገራሉ፣ ይኮራረፋሉ፣ በኋላ ትስማማለች። በመጨረሻው ቀን ማገገሚያው ግቢ ውስጥ ተሰናብታው መኪናዋን አስነስታ ትሄዳለች።

ፍቅር ነው እንዲህ ያሰኘው ወይስ ኩራት? ሁለት ጓደኞቼን ጠይቄ ሁለት የተለያየ መልስ ሰጡኝ፤ አንደኛዋማ «እኔ ብሆን አልወጣም ነበር፣ በር ላይ ተኝቼ እገኛለሁ» አለች። እናንተስ? በቶሚ ቦታ፣ በካቲም ቦታ ሆናችሁ ጻፉልኝ። ለሳምንት ያገናኘን።